በደረቁ ክፍል ያመለጠች ትንፋሽ

ቅናት ሽታ አለው። ቀልዴን አይደለም። እኔ ብቻ ሳልሆን ልደታ ውስጥ አንድ ሙሉ ፎቅ አሽትቶታል፤ ፍርድ ቤቱ ጓሮ ቆመው ያወሩ የነበሩ ጠበቆች ሳይቀሩ አፍንጫቸውን በክራቫታቸው ሸፍነው፣ ደንበኞቻቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ግን እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ስለ ዝናቡ ልንገራችሁ። የጥፋቱ ግማሽ የዝናቡ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሐምሌ ያለውን ሁሉ ልደታ ላይ ገለበጠው። አንድ ሚኒባስ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ረዳቱ ከኋላው እየዋኘ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ ሁለት ሰው!» ይላል። ያላመነ ሾፌሩን ይጠይቅ፤ መቅዘፊያውን እስካሁን ከወንበሩ ሥር አላወጣውም።

በዚያ ዝናብ ነው እንግዲህ እኔ በሱፍቃድ፣ የአርጎን ሲሊንደሮቼን ፒካፕ ላይ አስሬ ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁል የነዳሁት። ሥራዬ ይኸው ነው። ለበያጆች ኦክስጅን፣ ለሩሃማ መሥሪያ ቤት ደግሞ አርጎን አደርሳለሁ። አርጎን ከማንም የማይጣላ፣ ከማንም የማይዋደድ፣ በራሱ ዓለም የሚኖር አየር ነው። እኔንም ምነው እንዲህ አድርጎ በፈጠረኝ ያልኩበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ሩሃማ የኔ ናት። ማለቴ... የኔ ነበረች፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የባትሪ ተመራማሪ ናት። ሥራዋን ለሰፈር ልጆች ሳስረዳ «የሷ አንዲት ባትሪ ልደታን ከነኮንዶሚኒየሟ ሰባት ዓመት ታበራለች» እላለሁ። ለእናንተ ግን እንዳለ ልንገራችሁ። አንድ ቢጫ ዱቄት አለ። ያንን ከሙጫ ጋር ለውሰው፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ፎይል ላይ በስለት ይስቡታል። ሲደርቅ ኤሌክትሮድ ይሆናል፤ የባትሪው ሆድ ዕቃ በሉት። ጣጣው፣ ይህ ዱቄት እርጥበት አይችልም። ውሃ ይደፋበት አላልኩም፤ የሰው ትንፋሽ ይበቃዋል። ለዚህ ነው አየሩ እንደ እርጎ ጨርቅ ተጨምቆ በደረቀ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት። እዚያ የሚገባ ሰው ከአናቱ እስከ ጫማው ነጭ ቱታ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው። የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ፀጉሩን ታጥቦ ያላደረቀ አይገባም። ዝናብ የነካው አይገባም። ሳቅ ክልክል ነው።

የተዋወቅነውም በሳቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲሊንደር ሳመጣ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆማለች፤ ለብሳ ጨርሳ ልትገባ። «ይኸ ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«ከዳሎል ጉድጓድ ነው፣ እመቤቴ፤ በግመል ተጭኖ። መንገድ ላይ ትንሽ ቢያፈስስ ግመሉ ሸተተውና አማርኛ መናገር ጀመረ። አሁን እዚህ ሜክሲኮ ኢንሹራንስ ይሸጣል።»

ሳቀች። እስክትንበረከክ ሳቀች። የአፏ መሸፈኛ ረጠበ ተብሎ ልብሱን የሚያድሉት እትዬ ታየች እየተቆጡ መልሰው አወጧት። እኔ ያየሁት ዓይኖቿን ብቻ ነው፤ ሰው በዓይኑ ብቻ እንደዚያ መሳቅ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ካንቺ በቀር አልኳት፣ ካንተ በቀር አለችኝ።

ግን እናት አሏት። ወይዘሮ ማናለብሽ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የፈጁ ሴት ናቸው። እኔና ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያይተናል፤ እሳቸው ይህን ሰምተው «ሲሊንደር የሚያንከባልል ልጅ ለልጄ?» አሉ። ስለዚህ ስንገናኝ ተደብቀን ነበር፤ አንዳንዴ ልደታ ማርያም ግቢ ጥግ፣ አንዳንዴ ፒካፑ ውስጥ፣ መስታወቱን በትንፋሻችን አልብሰን።

ሌላም ነገር አለ። ሞቱማ።

ዶክተር ሞቱማ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሰው። ሐምሌ ላይ፣ ልደታ ውስጥ፣ ጭቃ የማያውቅ ጫማ! እንዴት ነው የሚሄደው? ይበራል? እኔ እንደሆንኩ ክረምት ከገባ ጀምሮ ሁለት ሰው የሚያበላ መሬት ጫማዬ ላይ ይዤ እዞራለሁ። ሩሃማ ስለሱ ስታወራ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ሞቱማ እንዲህ አሳየኝ፣ ሞቱማ እንዲያ አለኝ» ትላለች። ስሙን በጠራች ቁጥር አንድ ሰው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ክብሪት ይጭራል።

ያን ዕለት ጠዋት ሲሊንደሩን አውርጄ፣ ውሃዬን እያንጠባጠብኩ ልብስ መቀየሪያው ጋ ስደርስ፣ እትዬ ታየች አንድ አዲስ ቱታ መስቀያ ላይ እያስተካከሉ ነበር።

«ቆይ! እዚያው ቁም!» አሉኝ። «ይኸን ውሃ ይዘህ እዚህ ድርሽ እንዳትል። ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ከናይሮቢ የመጣ። ገንዘብ የሚሰጡት እነሱ ናቸው አሉ። ሥራውን እያየ እነሩሃማ ፊቱ ይሠሩለታል።»

«ታዲያ የታለ?»

«ሜክሲኮ ጎርፍ ይዞት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አሁን ደረሰ አሉኝ።» ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ምስጢር የሚነግሩ ሳይመስሉ፣ «ዛሬማ ዶክተርም ደስ ብሎታል። እንግዲህ ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ ምንድን ነው?»

«አልነገረችህም?» ዓይናቸው ላይ ያየሁትን ሐዘኔታ እስካሁን አልረሳውም። «እኔ ደግሞ ምን ለፍልፎኝ ነው! ሽማግሌ ይልካላ። እናትየውማ ቤቱን ቀለም እያስቀቡ ነው። እኔ ግን ምንም አላልኩም፣ አንተ ልጅ፤ ሰምተሃል? ምንም!»

ደጅ የመኪና ጥሩምባ ሰሙና ጥላ ይዘው ወጡ።  ሰባት ሲሊንደር በአንድ ትከሻ ተሸክሜ ፎቅ ወጥቻለሁ ብዬ የማወራ ሰው፣ «ቅዳሜ» የምትባል አንዲት ቃል መሸከም አቃተኝ። ማታ አብረን ነበርን። እጄን ይዛ ነበር። ቅዳሜን እያወቀች እጄን ይዛ ነበር።

የተሰቀለው ነጭ ቱታ አየኝ። አዎ፣ እሱ ነው ያየኝ።

እንዴት እንደለበስኩት አላውቅም። ከነርጥብ ካልሲዬ፣ ከነርጥብ ሸሚዜ፣ ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ኮፍያውን ደፋሁበት። መሸፈኛውን ዓይኔ ሥር ድረስ ጎተትኩት። መስታወት ውስጥ ሳይ ከናይሮቢም፣ ከቶኪዮም፣ ከሰማይም የመጣ ሰው መሆን እችል ነበር። መግቢያዋን ጠባብ ክፍል አለፍኩና ሁለተኛውን በር ገፋሁት።

*

ደረቁ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ነገር ከንፈር መሰንጠቅ ነው። አየሩ ምራቅህን ሳትውጠው ይቀማሃል።

ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ረጅም የብረት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰዋል፤ ሞቱማ በአንድ ወገን፣ ሩሃማ በሌላ ወገን፣ በመሃላቸው ፎይሉ ተዘርግቷል። ቢጫው ዱቄት ክዳኑ በተከፈተ ማሰሮ ውስጥ፣ አጠገባቸው። ሞቱማ ቀና ብሎ አየኝና በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረ።

«የስ» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ።

ሌላ ረጅም ነገር ጨመረ።

«ቬሪ ጉድ» አልኩ።

በእጁ እንድቆምበት ግድግዳውን አሳየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሩሃማ አንድ አፍታ ቀና ብላ ነበር። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፣ ሊያልፍ ሲል ትንሽ ቆየ። ወዲያው ወለሉን አየሁ። ልቤ እንግዳ መሆኔን ረስታ ትጮሃለች።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እኔም ምነው ዓይኔን ባጠፋው አልኩ።

ፎይሉ እንዳይሸበሸብ እሷ ጫፉን ወጥራ ትይዛለች፤ እሱ ስለቱን ቀስ ብሎ ይስባል፤ ጥቁር ቢጫው ልውስ ከሥሩ እንደ ሐር እየተነጠፈ ይወጣል። «አሁን» ትለዋለች፤ ይጀምራል። «ቀስ» ትለዋለች፤ ቀስ ይላል። ለእኔ «ቀስ» ብላኝ ቀስ ብዬ አላውቅም። ስለቱ እሷ ጋ ሲደርስ ጓንቷና ጓንቱ ሊነካኩ አንዲት ፀጉር ይቀራቸዋል።

ይኸም ይቅር። ከሁሉ የከፋው ትንፋሹ ነው። ስለቱ ፎይሉ ላይ ከማረፉ በፊት ሁለቱም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ እኩል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኩል። ስለቱ ዳር እስኪደርስ ደረታቸው አይንቀሳቀስም። ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው እኩል ይተነፍሳሉ። ለዱቄቱ ሲሉ ነው፤ ይገባኛል። ግን ዓመት ሙሉ ስንሳሳም እንኳን እኔና ሩሃማ ትንፋሻችን እንደዚያ ገጥሞ አያውቅም። እኔ ሁልጊዜ ወሬ እጀምራለሁ።

ላብ ጀርባዬን ይወርድ ጀመር። ግድግዳው ላይ ያለው የእርጥበት መቁጠሪያ ቀይ ቁጥር ከፍ ከፍ ሲል አይቼዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ሞቱማ ተናግሮ ነበርና። በአማርኛ። ከናይሮቢ የመጣ ሰው አማርኛ ይሰማል ብሎ ማን ያስባል?

«ሩሃማ፣ ቅዳሜ ደረሰ» አላት፣ ዓይኑን ከፎይሉ ሳያነሳ። «እናትሽ እሺ ብለዋል። አንቺ ግን እሺም እንቢም አላልሽኝም።»

«አሁን እዚህ?»

«እዚህ ነው የማገኝሽ። ስትወጪ ትሮጫለሽ።»

 የተከፈተውን ማሰሮ ወደሷ ሳብ አድርጋ በማንኪያ ዱቄት አወጣች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ሥራ ላይ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

«ሌላ ሰው አለ» አለችው።

«ያ የአርጎኑ ልጅ?»

ያ። የአርጎኑ። ልጅ። ሦስቱም ቃል በየተራ ወጋኝ። ደግሞ በክፋት ቢለው ምናለ? በክፋት አይደለም ያለው። ስሜን ስለማያውቅ ነው።

«በሱፍቃድ ነው ስሙ።»

«በሱፍቃድ።» ስሜን ተጠንቅቆ አስቀመጠው፤ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጠው እንደዚያ ነው። «እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ። ትወጂዋለሽ?»

ሩሃማ ማንኪያዋን አየር ላይ አቆመች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ፣ መሸፈኛው ደግሞ አፍኖታል፤ አልሰማ አለኝ። አንድ እርምጃ ቀረብኩ። «እኔ...» ስትል ሰማሁ። ሌላ እርምጃ። «እኔ በሱን...» የገዛ ትንፋሼ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ላቡ መሸፈኛውን አፌ ላይ ለጥፎት ታፈንኩ። እናቴን ልጣ፣ አውቄ አይደለም፤ መሸፈኛውን ወደ አገጬ ጎተትኩና አንገቴን በጠረጴዛው ላይ አስግጌ፣ በማሰሮው አፍ ላይ፣ ዓመት ሙሉ የታፈነ የሚመስል ትኩስ እርጥብ ትንፋሽ ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የገማ እንቁላል። አንድ እንቁላል አላልኩም፤ ከሾላ እስከ መርካቶ ያሉ ዶሮዎች በሙሉ ተማክረው የገማ እንቁላል አንድ ቀን የጣሉ የሚመስል ሽታ። ከኮፍያዬ ሥር የዝናብ ውሃ ተንከባልሎ ጠብ አለ፤ ማሰሮው ውስጥ። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው የጋዝ ጠቋሚ ጩኸቱን አቀለጠው።

ሩሃማ ቀና አለች። አየችኝ። ያለመሸፈኛ፣ አፌን ከፍቼ።

የምላሿን ቀሪ ቃል የበላሁት እኔው ራሴ ነኝ።

*

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የነገረኝ ሰው ነው እንጂ እኔ ጢስ ብቻ ነው የማስታውሰው። ጢስ አልነበረም ይላሉ፤ ለእኔ ግን ነበር። ሩሃማ ክንዴን ስትይዝ አስታውሳለሁ። ጥፍሯ በሁለት ጓንት ውስጥ ተሰምቶኛል። «አትተንፍስ! አትተንፍስ እንዳልኩህ!» እያለች ጎትታ በሩን በትከሻዋ ሰብራ፣ መተላለፊያው ላይ ጣለችኝ። ያ ሽታ ሲበዛ ሰው ይገድላል፤ ኋላ ነው የገባኝ።

መሸፈኛዋን ገፍፋ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ታያለህ? ጣቴን ታያለህ? ራስህን አዞረህ?» ድምፅዋ እንደዚያ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም።

«ደህና ነኝ፣ ሩሂ።»

ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ ፊቴን ለቀቀችው። እጇ ከጉንጬ ላይ ሲነሣ የተሰማኝ ብርድ የሐምሌ ብርድ አልነበረም።

ሞቱማ ኋላ ወጣ። ማሰሮውን ከድኖ፣ የአየር መምጠጫውን ከፍቶ፣ ሁሉን አጥፍቶ ነው የወጣው። ቱታው ላይ ጠብታ የለም። ልክ ያኔ እትዬ ታየች ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የራሰ ጥቁር ሰውዬ ይዘው ደረሱ፤ እውነተኛው የናይሮቢ እንግዳ። ሰውዬው ሽታው ሲደርሰው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

«ምን ጉድ ነው?» አሉ እትዬ ታየች። እኔን አዩ፣ ቱታዬን አዩ። «አንተ! አንተ ልጅ!»

አሁን አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የፖሊስ መኪና ታየኝ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ትራንስፖርት እንኳን አይፈጅም።

ሞቱማ ግን ለእንግዳው በእንግሊዝኛ ይናገር ጀመር፣ በተረጋጋ ድምፅ። ከእንግሊዝኛ የማውቀው ጥቂት ነው፤ «ማይ ፎልት» ሲል ግን ገብቶኛል። በራሱ ደረት እያመለከተ። ሰው ሲናገራት የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። «ሳላሠለጥን ሰው ማስገባቴ የእኔ ስሕተት ነው» ማለቱ እንደነበር ሩሃማ ኋላ ነግራኛለች። እንግዳውን ሻይ ይጠጣ ብሎ ከእትዬ ታየች ጋር ወደ ላይ ላከውና ወደ እኔ ዞረ።

ልጠላው ፈልጌ ነበር። ለምን አይመታኝም? አንድ ጊዜ ቢመታኝ እኩል እንሆን ነበር።

«ልብስህን ቀይር፤ ያ ቱታ ሽታውን ይዟል» አለኝ።

«እርስዎ...» አልኩ። ከዚያ «አንተ...» አልኩ። የቱ እንደሚሻል ጠፍቶኝ ሁለቱንም ተውኩት። «ለምን?»

«ዱቄቱን መሥራት ሦስት ወር ወስዶባታል» አለ ሞቱማ፣ ሩሃማን ሳያይ። «ማሰሮው ክፍት ነበር። ክዳኑ እጇ ሥር ነበር። ከድናው መውጣት ትችል ነበር፤ አንድ አፍታ ነው። ክዳኑን ጥላ አንተን ያዘች።» ጓንቱን አወለቀ። «ጥያቄ ጠይቄ ነበር። መልሱን አይቻለሁ። ለእናትሽም እኔው እነግራቸዋለሁ፣ ሩሃማ፤ ሽማግሌዎቹም አይመጡም።»

ደረጃውን ወጣ። ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። እኔ ብሆን እንደዚያ መውጣት አልችልም ነበር፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ያ ክብሪት እንደገና ተጫረ። ጎትታ ያወጣችው እኔን ነው፤ ያየው ግን እሱ ነው። እኔ የደረሰኝን ፍቅር እንኳን ከእኔ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። በዚያም ቀናሁ።

*

ሲሊንደር የማወርድበት የጓሮ በር ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል። ነጩን ኮፍያ አውልቃ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች።

«እንትን...» አልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እውነቱን ትነግረኛለህ?»

«ልደታን! ሰማይ ይውደቅብኝ ብዋሽ!»

«አትማል። ስትምል ነው የምትዋሸው።» ዝናቡን እያየች ነው። «ለምን ገባህ?»

አፌ የለመደው ነው፤ ራሱ ጀመረ። «ሰውዬው እኮ መንገድ ላይ አገኘኝ። የናይሮቢው። ጎርፍ ወስዶት አንድ የመብራት እንጨት አቅፏል። ‹በናትህ ወንድሜ፣ አንተ ግባልኝ› ብሎ...»

«በሱ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ እቀጥል ነበር።

«ስለ ሞቱማ ለምን ያልነገርኩህ ይመስልሃል?»

«ስላሰብሽበት።»

«አዎ፣ አስቤበታለሁ» አለች።

ይህን አልጠበቅኩም። ቢያንስ ትክዳለች ብዬ ነበር። 

«ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ስለምወደው አይደለም። ሞቱማ ‹ዘነበ› ካለኝ ዘንቧል፤ ደጅ ወጥቼ ማየት የለብኝም። ያንን ነው ያሰብኩበት። ያ እንዴት እንደሚያሳርፍ አታውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንተ ደግሞ... አንተ ስታስቀኝ አገሩን እረሳለሁ። ግን ማታ ቤት ስገባ፣ ‹ካንቺ በቀር› ያልከኝን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። አማርኛ ከሚናገረው ግመል አጠገብ ነው የማስቀምጠው? ወይስ ለብቻው?»

«ሩሂ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስለ ሽማግሌው ብነግርህ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተክለ ሃይማኖት ድረስ ወሬው ይደርሳል። ሞቱማ በፈረስ ይመጣል፣ እናቴ በጠመንጃ ትጠብቃለች፣ አንተ ሁለቱን በአንድ እጅህ ትጥላለህ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ በሱ። እዚያ ውስጥ ማልቀስ እንኳን አይቻልም፤ እንባው ሳይወርድ ዓይን ላይ ይደርቃል። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ እየወጣሁ ነው ያለቀስኩት። አንተ ሲሊንደርህን በምታስቀምጥበት።»

እኔ ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ። ለትራፊክ አለኝ፣ ለቤት አከራይ አለኝ፣ ለእናቷ እንኳን አዘጋጅቼ ነበር። ያኔ ግን ምላሴ ደረቀ። 

«እሺ» አልኩ በመጨረሻ። «ግመል የሌለበት ልንገርሽ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ትንፋሻችሁን አብራችሁ ስትይዙ አየሁ።» የገዛ ድምፄን አላወቅኩትም፤ ትንሽ ነው፣ ማስዋቢያ የለውም። «እሱ ካንቺ ጋር የሚያውቀው ሥራ አለ። አንቺ ‹አሁን› ስትዪ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ሲሊንደሩን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ከበሩ ወዲያ ያለችውን ሩሃማ አላውቃትም። አንድ ቀን ከዚያ በር ሳትወጪ የምትቀሪ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የማወራው። ዝም ያልኩ እንደሆነ ሌላ ምንም እንደሌለኝ ታዪብኛለሽ ብዬ ነው የማወራው። ፈርቼ ነው የገባሁት። ፈርቼ፣ ደግሞ ቀንቼ። ዱቄትሽን አበላሸሁት።»

ሩሃማ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን ያህል ረጅም አይታኝ አታውቅም፤ ወይም አይታኝ እኔ ወሬ ላይ ሆኜ አምልጦኛል።

«ይኸ ሁሉ ሲሆን የት ነበርክ?» አለች ቀስ ብላ።

«ማን፣ እኔ?»

«አንተ። ይኸኛው።»

መልስ አልፈጠርኩም።

«ማታ ለእናቴ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለች። «ትጮሃለች።»

«በጣም።»

«ትጩህ። ሞቱማ ይነግራታል ብዬ አልደበቅም። ከእኔ አፍ ትስማው።» ኮፍያውን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። «ዱቄቱን ግን እንደ አዲስ መጀመር አለብኝ። ከነገ ጀምሮ። ከሞቱማ ጋር፤ ሥራው ለአንድ ሰው አይሆንም። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ፎይል። ትንፋሻችንንም እንይዛለን። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ምናልባት እስከ ሌላ ክረምት።» ቀና አለች። «ትችለዋለህ?»

ስንት መልስ መጣልኝ መሰላችሁ! «አንቺ ብቻ እዘዢኝ እንጂ እሳት እውጣለሁ» የሚለው መጣ። «እኔ ቅናት የሚባል በዘሬ የለም» የሚለው መጣ። ሁሉም ያማሩ ነበሩ፤ ሁሉም ልብስ ለብሰው ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሆዴ ውስጥ ግን ያ እሳት ይነድዳል፤ ገና «ከሞቱማ ጋር» ስትል ነው የተያያዘው።

«አልችለውም» አልኩ።

 አጣኋት፣ አልኩ በልቤ፤ ዋሽቼ ያቆየኋትን ሴት እውነት ተናግሬ አጣኋት።

ሩሃማ ከተቀመጠችበት ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ገማሁ፤ እሷም ገምታለች፤ ያ እንቁላል ሁለታችንም ላይ ነው። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው፤ ከበደኝ፣ ደስም አለኝ፣ አመመኝም።

«እሺ» አለች። «ሳትችለውም ና።»

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ደረቷ ከፍ ሲል ጠበቅኳት፣ ዝቅ ሲል ጠበቅኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ እንዳይታወቅብኝ ተጠንቅቄ፣ አብሬያት ተነፈስኩ።